ከዶሮ ቤት ያወጣኋት ጊኒ ፒግ ፀጉሯ እየረገፈ ነው፤ ምክንያቱን በምን ልወቅ?

የሆጤዋ መምህርት፣ ኅዳር 9

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው። አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስለ አንዲት ትንሽ እንስሳ ልጠይቃችሁ ነው። ጎረቤቶቼ «አይጥ ናት» ይሏታል። አይጥ አይደለችም፤ ጊኒ ፒግ ናት። እንቅልፍ ከነሳችኝ ሰንብታለች።

ከአምስት ሳምንት በፊት ኮምቦልቻ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። አጎቴ የአንድ ግቢ ጥበቃ ነው። እዚያ ይኖር የነበረ የውጭ አገር ቴክኒሻን ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ እሷን ከነሳጥኗ ለአጎቴ ትቶለት ሄደ። አጎቴ ደግ ሰው ነው፤ ግን እንዲህ ዓይነት እንስሳ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሳጥኑ ሲሰበር ከዶሮዎቹ ጋር አስገባት። የዶሮ መኖ፣ የደረቀ እንጀራ፣ አልፎ አልፎ የድንች ልጣጭ እየሰጠ ሁለት ወር ያህል አቆያት። እኔ ሳያት ጥግ ይዛ ተኮራምታለች። አንዷ ዶሮ መጥታ ጀርባዋን ነቆረቻት። ንቅንቅ አላለችም። በቃ፣ በካርቶን አድርጌ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ፤ የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር።

የስድስት ዓመት ልጄ «ጎፈሬ» አለቻት። ፀጉሯ እዚህም እዚያም እየዞረ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ሲያይ ይህ ዝርያ «አቢሲኒያን» እንደሚባል አገኘ። ጊኒ ፒግ የመጣችው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ነው፤ የእኛ ስሙ ብቻ ነው። ልጄ ግን «የአገራችን ልጅ ናት» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።

አሁን ጎፈሬ ጎፈሬዋን እያጣች ነው። ሳመጣት ጀርባዋ ላይ ሳንቲም የምታህል መላጣ ነበረች። ዶሮ ነጭቷት ነው ብዬ ተውኩት። በሁለት ሳምንት ከትከሻዎቿ መሃል ተነሥቶ ወደ ወገቧ ወረደ። አሁን ጭኖቿ ውስጥም ገብቷል። ቆዳዋ ወፍሯል። ቢጫ ቅርፊት አለው፤ ሲነሣ ሥሩ እርጥብ ነው። ፊቷና ጆሮዋ ደህና ነው። የጎረቤት ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጫት 620 ግራም መዘነች።

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ በራሷ ሰውነት መሥራት እንደማትችል አነበብኩ። በደረቅ እንጀራ የከረመች ስለሆነች «እጥረት ነው» አልኩ። የሚታኘከውን 500 ሚሊ ግራም ክኒን ገዝቼ የምትጠጣው ውኃ ውስጥ አሟሟሁት። ውኃውን መጠጣት ተወች፤ እኔም ደነገጥኩና ደፋሁት።

ቀጥሎ ልጄ ክንዷ ላይ ቀያይ ነገር ወጣባት። መድኃኒት ቤት ስወስዳት «ጭርት ነው፤ ከእንስሳ የመጣ ነው» ተባልኩ። የፈንገስ ቅባት ሰጡኝ። ለልጄም ለጎፈሬም 12 ቀን ቀባሁ። የልጄ አልጠፋም። የጎፈሬ ባሰባት።

ትናንት ማታ ደግሞ ይህ ሆነ። በኋላ እግሯ ጀርባዋን ታካለች፤ ታካለች። ዓይኗ ፈጦ፣ ጥፍሯ ቅርፊቱን ሲቧጭረው ድምፁ ይሰማኛል። በድንገት በጎኗ ወደቀች። አራት እግሯ ተገተረ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንቀጠቀጠች። አንድ ደቂቃ አይሞላም። እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ የልቧን ምት ልቆጥር ሞከርኩ፤ ከፍጥነቱ የተነሣ መቁጠር አቃተኝ። ከዚያ ተነሥታ ምንም እንዳልሆነች ሣር በላች።

የሚጥል በሽታም አለባት ማለት ነው? እጥረት ነው? ፈንገስ ነው? ከዶሮዎቹ የተጋባባት ነገር ነው? አንዲት እናት «የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቢያት፣ ለውሻ እከክ ፍቱን ነው» ብለውኛል። እጄ እምቢ አለኝ። አጎቴ በየቀኑ እየደወለ «እኔ ነኝ ያጠፋኋት» ይላል። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ዶሮ አርቢው፣ ከገራዶ

አብሽሪ ልጄ። ስለ ዶሮዋ እኔ ልንገርሽ፤ ሌላውን የሚያውቅ ይመልስልሻል።

ዶሮ ቤት ውስጥ የሚያስቸግሩ ሁለት ናቸው። አንዱ ቅማል ነው። ቅማል ከሆነ ዓይንሽ ያየዋል። ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ፀጉሯን ከሥሩ ግለጪው፤ ሲሮጥ ታገኚዋለሽ፤ ቅጫሙም ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ይታያል። ደግሞ የዶሮ ቅማል የሚፈልገው ላባ ነው፤ እሷ ላይ ብዙ አይቆይም። ሁለተኛው ቀይዋ የሌሊት ተባይ ናት። ቀን ቀን እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች፤ ሌሊት ወጥታ ደም ትመጥጣለች። ዶሮ ባይኖር ሌላም እንስሳ ትነክሳለች። ግን ኑሮዋ ቤቱ ውስጥ ነው እንጂ እንስሳው ላይ አይደለም። አጎትሽ ማታ በባትሪ ቆጡን ይይ። ስንጥቁ ላይ ነጭ ጨርቅ ይጫንበት፤ የደም ነጠብጣብ ከወጣ አለች ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ከዶሮ ቤት ከወጣች አምስት ሳምንት ሆኗታል። የዶሮ ነገር ቢሆን ኖሮ እየቀነሰ በሄደ ነበር። እየባሰ ነው የምትዪው።

የተቃጠለውን ዘይት አለመቀባትሽ ጥሩ አደረግሽ። ዲያዚኖን የሚባለውን የተባይ መርዝም እንዳትነኪ። ለመዥገር ብዬ ስለካ በዓይኔ መጠን አንድ ግልገል አጥቻለሁ። ያቺኛዋ የግልገል ሩብ እንኳ አትሆንም።

የሙጋድ ልጅ

እህቴ፣ ቅርፊቱ ሥር እርጥብ ነው ካልሽ እኮ ቁስሉ አመርቅዟል። የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ትንሽ ትንሽ ስጫት። እኛ ቤት ለበግ ግልገል ሰጥተን ድኗል።

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት፦ አሞክሳሲሊን እንዳትሰጪ። ወንድማችን በቅንነት ነው የተናገረው፤ ለግልገል ይሆናል። ለጊኒ ፒግ ግን መርዝ ነው። ምግቧን የሚፈጩላትን የአንጀት ተሕዋስያን ይገድላቸውና ገዳዮቹ ቦታውን ይይዛሉ። ተቅማጥ ይጀምራትና በጥቂት ቀን ውስጥ ትሞታለች። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንም እንደዚያው ናቸው። ጓዳችሁ ውስጥ ካለ ከእሷ አርቂው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ሳላውቅ መናገር አልፈልግም። የልጅሽን ክንድ በደንብ አይተሽ ንገሪኝ። ቀለበት ነው ወይስ ነጠብጣብ? ጭርት ጠርዙ ቅርፊት ያለው፣ መሃሉ የጠራ ክብ ነው። የትኛው የክንዷ ክፍል ላይ ነው? ሌላስ ቦታ አለ? መቼ ነው የሚያሳክካት?

የሆጤዋ መምህርት፣ ኅዳር 10

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሞክሳሲሊን ሰጥቻት አላውቅም፤ ግን ቤት ውስጥ ነበረ። መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ በስልኬ ባትሪ አየኋት። እጅጌዋን ሰበሰብኩት። ቀለበት የለም። አንድም ክብ የለም። የስንዴ ፍሬ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ናቸው፤ አሥራ ስድስት ቆጠርኩ። አንዳንዱ በጥፍሯ ተልጧል። ያሉት በክንዷ የውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ በውጭ በኩል አንድም የለም። አገጯ ሥር፣ አንገቷ ላይ ደግሞ አራት አሉ። ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ልጄ ጎፈሬን የምትይዛት እንደ ሕፃን ነው። ክንዷ ላይ አጋድማ አገጯን ከላይ ታደርግባታለች። ነጠብጣቡ ያለው እሷ የነካቻት ቦታ ላይ ነው።

ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትሞቅ ይብስባታል። እኔም ሆዴ ላይ ሦስት አሉኝ፤ ከላብ መስሎኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

በጣም ጥሩ አድርገሽ አይተሻል። እንግዲህ አንድ በአንድ እንሂድ።

ፈንገስ በጊኒ ፒግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፊት ነው፤ ከአፍንጫዋ፣ ከዓይኗ ዙሪያ፣ ከጆሮዋ። ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይኖረዋል፤ ይህን ያህል ግን አያሳክክም። የእሷ ፊት ንጹሕ ነው። የልጅሽም ቀለበት አይደለም። የፈንገስ ቅባቱም 12 ቀን ተቀብቶ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ፈንገስን ወደ ኋላ እናድርገው።

የቫይታሚን ሲ እጥረት ሊኖርባት ይችላል፤ ሳይኖርባትም አይቀርም። እጥረት ፀጉርን ያጎሳቁላል፣ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ድድ ያደማል፣ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ግን እስክትወድቅ ድረስ አያሳክክም።

ሴት ናት። ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች የእንቁላል ማፍሪያቸው (ኦቫሪ) ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣና ከሁለቱም ጎናቸው እኩል ፀጉር ይረግፋል። ያኛው ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ቅርፊትም ማሳከክም የለውም። የእሷ እንደዚያ አይደለም።

የሚቀረን እከክ ነው። የጊኒ ፒግ የራሷ የሆነ የእከክ ተባይ አለ፤ ትሪክሳካሩስ ካቪየ ይባላል። ሰውንና ፍየልን ከሚያሳክከው ተባይ ጋር ዘመድ ነው። ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ ይገባል፤ በዓይን አይታይም። የሚወደው ቦታ ትከሻ፣ ጀርባና የጭን ውስጥ ነው። ልክ አንቺ በጻፍሽው ቅደም ተከተል። ማሳከኩ እጅግ ከባድ ነው። ከማሳከኩ ብዛት የሚያንቀጠቅጣቸው አሉ፤ ያየሽው መውደቅ የሚጥል በሽታ ሳይሆን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ላይ ሲወጣም ለጊዜው ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሰው ላይ ግን አይራባም። እሷ ስትድን የልጅሽም ይጠፋል። ለማረጋገጥ ግን ልጅሽን ሐኪም ቢያያት ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ግምት ነው። ቆዳዋ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ እዚህ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ቅርብሽ የሆነ የእንስሳት ክሊኒክም ማይክሮስኮፕ ካለው ይበቃል። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ተባዩ ጥልቅ ስለሚገባ አንዴ ተፍቆ ላይገኝ ይችላል። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ደም ጠብ እስኪል፣ ከመላጣው መሃል ሳይሆን ከዳሩ፣ ከሁለት ሦስት ቦታ ይፋቅ።

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። በየከተማው ለከብት የሚሸጠው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ብንል ለ620 ግራም 0.19 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህ ከ0.02 ሚሊ ሊትር ያንሳል። አንድ ጠብታ እንኳ አይሞላም። በከብት መርፌ መለካት አይቻልም። ለዚህ ነው ባለሙያ ይውጋት የምልሽ። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል በየ10 እስከ 14 ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። አንዴ ተወግታ ስትሻላት የሚያቆሙ ሰዎች በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ።

ለአጎትሽም ንገሪያቸው። ይህ ተባይ ከዶሮ አይመጣም። ከሌላ ጊኒ ፒግ ነው የሚተላለፈው፤ ስለዚህ ይዛው ነው የመጣችው። አንዳንዶቹ ምንም ሳይታይባቸው ለረጅም ጊዜ ይሸከሙታል። ሲርባቸው፣ ሲፈሩ፣ ቫይታሚን ሲ ሲያንሳቸው ይነሣባቸዋል። ተባዩን የሰጧት አጎትሽ አይደሉም።

የሆጤዋ መምህርት፣ ኅዳር 13

ዛሬ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወሰድኳት። ዶክተር የነገሩኝን ለሐኪሟ ነገርኳት። ወጣት ናት፤ ጊኒ ፒግ አክማ ባታውቅም የበግ እከክ በየሳምንቱ ታያለች።

ጎፈሬን በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኳት። በምላጭ ጀርባ የቆዳዋን ዳር ፋቀች። ጎፈሬ አንዴ ብቻ ጮኸች። የመጀመሪያው መስታወት ላይ ምንም የለም። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝና «አንድ ጊዜ ባለመገኘቱ አንተወውም» አለች፤ ከጭኗ ውስጥ ደገመች። ሁለተኛው ላይ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ነይ እይ» አለችኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። ክብ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እግሮቹ እንደ ጉቶ ያጠሩ ነገር። ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ ሞላላ እንቁላል አለ። እንዲህ ያለች ነገር ናት ልጄን ሌሊት የምታስለቅሰው።

በኢንሱሊን መርፌ ነው የወጋቻት። ሲሪንጁ ላይ ሁለት መስመር እንኳ አልሞላም። «የሚቀጥለው ኅዳር 25፣ ከዚያ ታኅሣሥ 7» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቫይታሚን ሲውን እንዴት ልስጣት? ሳጥኗንስ ምን ላድርገው? እስካሁን ሰጋቱራ ነው የማነጥፍላት፤ ከአናጢ ቤት በነፃ ነው የማገኘው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

ተመስገን። ደስ አለኝ።

ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ አትጨምሪ። ቶሎ ይበላሻል፤ ጣዕሙም ይቀየርና ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ እንዳየሽው። በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነው የምትፈልገው፤ ታማ ስትሆን ከፍ ይላል። 100 ሚሊ ግራሙን ክኒን ለአራት ክፈይውና አንዱን ሩብ በቀን ስጫት፤ ለእሷ ይበቃታል። ከዚያ በምግብ። የፈረንጅ ቃሪያ፣ በተለይ ቀዩ፣ በ100 ግራም ውስጥ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ አለው። አንድ ቁራጭ በቀን በቂ ነው። የሚያቃጥለውን የእኛን ቃሪያ ግን አይደለም። የዘይቱን ፍሬ (ጓቫ) ካገኘሽ ትንሽ። የድንብላል ቅጠል። ከሁሉ በላይ ግን ሣር፤ ሳይቋረጥ። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የሚሞርደው ሣርና ድርቆሽ ነው። ሰርዶ በጣም ጥሩ ነው። መንገድ ዳር ውሻ የሸናበትን፣ መድኃኒት የተረጨበትን አይደለም።

ሰጋቱራውን ተዪው። የጥድ እንጨት ሽታ ሳንባዋንም ቆዳዋንም ያስቆጣል። አሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጠሽ አንጥፊላት። በየሁለት በሦስት ቀኑ በፈላ ውኃ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው። ሳጥኑ እንጨት ከሆነ የፈላ ውኃ አፍሺበት። ልጅሽ እስከ ሁለተኛው መርፌ ድረስ በባዶ ክንዷ አትያዛት፤ በፎጣ ትያዛት።

ጀርባዋ ባዶ ነው፤ ደሴ ደግሞ በዚህ ወር ሌሊቱ ይበርዳል። ከበር አርቂያት፤ የምትደበቅበት ካርቶን ስጫት።

ዶሮ አርቢው፣ ከገራዶ

ልጄ፣ ጎበዝ። አጎትሽ ቆጡን አየ ወይ?

የሆጤዋ መምህርት፣ ኅዳር 14

ጋሼ፣ አይቷል። ሌሊት ተነሥቶ በባትሪ ስንጥቁን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ጫነው። ምንም የለም። የዶክተርን መልስ በስልክ አነበብኩለት። «ይዛው ነው የመጣችው» የሚለውን ስደርስ «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ቅጠሉን ግን ልሰጣት ይገባ ነበር» አለኝ።

የሆጤዋ መምህርት፣ ታኅሣሥ 15

የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልመለስ። ሦስተኛው መርፌ ባለፈው ሳምንት አልቋል።

ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በሁለተኛው ሌሊት አንዴ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም። በሳምንቱ ማከኩ ቀነሰ። ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እየተነሣ ብርድ ልብሱ ላይ አገኘው ጀመር፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ሮዝ ነው፣ ደረቅ። አሁን ትከሻዋ ላይ እንደ ወንድ ጢም የሚኮሰኩስ ፀጉር በቅሏል። ገና አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ ነው የበቀለው። ልጄ በየቀኑ ትዳስሰዋለች። የልጄ ክንድ ከሁለተኛው መርፌ በፊት ጠርቷል፤ ጤና ጣቢያም ወስጃት «ደህና ናት» ብለውኛል። የእኔም ጠፍቷል።

ዛሬ የሱቁ ሚዛን ላይ 745 ግራም መዘነች።

አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ከቦርከና ዳር ያጨደውን ሰርዶ በፌስታል ይዞ ነው የሚመጣው። በሩ ላይ ሆኖ ፌስታሉን ያንኮሻኩሸዋል። እሷ ከካርቶኗ ወጥታ ሁለት እግሯን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ሰቅላ ታፏጫለች፤ ከውጭ ይሰማል። አጎቴ መጀመሪያ የሰማ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ ገባ።